እኩል ካሬ፣ እኩል ያልሆነ አጥር

በባሕር ዳር ስለ ቦታ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» የሚለው ነው። ሻጭም ገዢም፣ ደላላም መሐንዲስም፣ ውርስ ለማካፈል የተቀመጡ ሽማግሌዎችም የሚግባቡት በዚሁ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ብዙ ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደሚዘራበትና ስንት ክፍል ቤት እንደሚወጣው ከእሱ መገመት ይቻላል። ቦታውን ዙሪያውን ለማጠር ስንት ሜትር አጥር እንደሚያስፈልግ ግን ፈጽሞ አይነግረንም። ሁለት ቦታዎች በካሬ ሜትር እኩል ሆነው ሳለ የአንዱ አጥር የሌላውን እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ ልዩነቱ እስከ የት ድረስ እንደሚሄድና ወዴት በኩል ወሰን እንዳለው ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤት በሁለት ቀመር ታልፎ የሚረሳ ነገር ነውና።

አስቀድሞ ቃላቱን ማጥራት ይገባል። «ስፋት» ስል ወርድን ማለቴ አይደለም፤ በድንበሩ ውስጥ የተያዘውን የቦታ መጠን ማለቴ ነው። «ዙሪያ» ስል ደግሞ ድንበሩን ተከትሎ አንድ ጊዜ ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ ሰው የሚራመደውን ርቀት ማለቴ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት መጠነ ዙሪያ ይሉታል። «ካሬ» የሚለው ቃል በአፋችን ሁለት ሥራ ስለሚሠራ፣ እዚህ ላይ ካሬ የምለው አራት ጎኖቹም አራት ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑበትን ቅርጽ ብቻ ነው፤ መለኪያውን ካሬ ሜትር እላለሁ።

ከዘንዘልማ መንገድ ገባ ብሎ አባታቸው የተወላቸውን 400 ካሬ ሜትር ቦታ የተካፈሉ ወንድምና እህት አውቃለሁ። ቦታው በመንገዱ በኩል 10 ሜትር ሲሆን ወደ ውስጥ 40 ሜትር ይገባል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። በወርዱ ቢቆርጡት ሁለት 10 በ20 የሆኑ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ነገር ግን የኋለኛው መንገድ አያገኝም። በቁመቱ ቢሰነጥቁት ሁለት 5 በ40 የሆኑ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም የመንገድ ፊት ይደርሳቸዋል። ሽማግሌዎቹ ማንም ቅር እንዳይሰኝ ሁለተኛውን መረጡ፤ ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሲባጎ ተወጠረ፣ ችካል ተተከለ፣ ለእያንዳንዳቸው 200 ካሬ ሜትር ደረሳቸው።

ችግሩ የታየው እህትየዋ ድርሻዋን ለማሳጠር በተነሳች ጊዜ ነው። አጣሪው በየ2 ሜትሩ አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተክላል፤ ቆጥሮ 45 ቋሚ ያስፈልጋል አላት። እሷ ግን በቅርብ የምታውቃት ጎረቤቷ ልክ 200 ካሬ ሜትር የሆነውን ቦታዋን በ30 ቋሚ እንዳሳጠረች ታውቅ ነበር። «መምህር፣ መሬቱ እኩል ከሆነ አጥሩ ከየት መጥቶ በለጠ? ልኬቱ ተሳስቶ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ልኬቱ አልተሳሳተም። የጎረቤቷ ቦታ 10 በ20 ነው፤ ዙሪያው 10 እና 20፣ እንደገና 10 እና 20፣ በድምሩ 60 ሜትር ይሆናል። የእሷ 5 በ40 ነው፤ ዙሪያው 90 ሜትር ይሆናል። 10 በ20 ሲባዛም 5 በ40 ሲባዛም 200 ነው። ስፋት የሚገኘው በማባዛት፣ ዙሪያ የሚገኘው በመደመር ነውና፣ ብዜታቸው አንድ የሆነ ሁለት ጥንድ ቁጥሮች ድምራቸውም አንድ እንዲሆን የሚያስገድድ ምንም ሕግ የለም።

ጠባቡን ቦታ ይበልጥ ብናጠበው ምን ይሆናል? 2 በ100 የሆነ ቦታ 204 ሜትር አጥር ይፈልጋል። 1 በ200 የሆነው 402 ሜትር፣ ግማሽ ሜትር በ400 የሆነው 801 ሜትር ይፈልጋል። ሁሉም 200 ካሬ ሜትር ናቸው። ወርዱን በቀነስን ቁጥር ርዝመቱ ይጨምራል፤ ዙሪያውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ወደ ላይ ወሰን የለውም፤ ማንም ሰው የፈለገውን ያህል ትልቅ ቁጥር ቢጠራ፣ ዙሪያው ከዚያ ቁጥር የሚበልጥ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በወረቀት ላይ ልንሥልለት እንችላለን።

ወደ ታች ግን ወሰን አለው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህኛው ክፍል ነው። ለጊዜው በአራት ማዕዘን ቦታዎች ላይ ብቻ እንቆይ። የማናቸውንም ሁለት ቁጥሮች ድምር በራሱ ብናባዛው፣ የልዩነታቸውን ብዜት በራሱ እና የብዜታቸውን አራት እጥፍ ደምረን ከምናገኘው ጋር እኩል ይሆናል። በ10 እና በ20 እንፈትነው። ድምራቸው 30 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 900 ይሆናል። ልዩነታቸው 10 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 100 ይሆናል፤ የብዜታቸው አራት እጥፍ 800 ነው፤ 100 እና 800 በእርግጥም 900 ናቸው። በ5 እና በ40 ብንሞክረው 45 በራሱ 2,025 ነው፤ 35 በራሱ 1,225 ሲሆን 800 ሲጨመርበት ያው 2,025 ይመጣል። ስፋቱ 200 እስከሆነ ድረስ 800 የምትለዋ ቁጥር ንቅንቅ አትልም። የሚለወጠው የልዩነቱ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዜሮ በታች ሊወርድ አይችልም። እንግዲህ አጥሩ ከሁሉ የሚያንሰው በርዝመትና በወርድ መካከል ልዩነት ሲጠፋ፣ ማለትም ቦታው ካሬ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጎን ወደ 14.14 ሜትር፣ ዙሪያውም ወደ 56.57 ሜትር ይሆናል። ከጎረቤትየዋ 60 ሜትር የሚያንሰው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ወደ ካሬ በቀረብን መጠን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቦታዬ ትክክለኛ ካሬ አልሆነም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ወጪ የሚያመጣው ቦታ ቀጭን ሲሆን ነው።

ጎኖቹ ዘመም ሲሉም ዙሪያ ይጨምራል። የተደራረቡ ደብተሮችን ከጎን ተመልክታችሁ ከላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋ ብታደርጓቸው፣ አንድም ደብተር አልተጨመረምና ከጎን የሚታየው ስፋት ያው ነው፤ የዘመሙት ዳሮች ግን ረዝመዋል። 10 በ20 የነበረው ቦታ ሁለቱ 20 ሜትር ጎኖቹ በ10 ሜትር ርቀት ትይዩ እንደሆኑ አንዱ በ10 ሜትር ቢንሸራተት፣ ስፋቱ 200 እንደሆነ ዙሪያው ከ60 ወደ 68.28 ሜትር ይደርሳል። የተጣመመ ድንበር ያለው ቦታ የገዛ ሰው ይህን ጭማሪ ሳያውቀው ይከፍለዋል።

ዙሪያን አይቶ ስፋትን መገመትም ያው አደጋ አለበት። 15 በ15 የሆነ ቦታ ዙሪያው 60 ሜትር ሲሆን 225 ካሬ ሜትር ይዟል፤ 5 በ28 የሆነ ቦታ ዙሪያው 66 ሜትር ሆኖ የያዘው 140 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ፈላስፋ ፕሮክሉስ፣ በመሬት ክፍፍል ላይ ለባልንጀሮቻቸው ዙሪያው የረዘመውን ቁራጭ እየሰጡ ለራሳቸው ስፋቱ የበለጠውን ይወስዱ ስለነበሩ ሰዎች ጽፏል፤ ቸሮች መስለው ይታዩ ነበር። ድንበሩን በእግሩ ዞሮ «ሰፊ ነው» የሚል ሰው ዛሬም በቀላሉ ይታለላል።

ከአራት ማዕዘን ከወጣን ካሬም ይሸነፋል። 200 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት 64.5 ሜትር ያህል ዙሪያ አለው፤ ካሬው 56.6፣ ጎነ ስድስቱ 52.6፣ ጎነ ስምንቱ 51.5 ሜትር ገደማ ነው። ጎኖቹ በበዙ ቁጥር ቅርጹ ወደ ክብ ይጠጋል፤ ክቡ ራሱ 50.13 ሜትር ይፈልጋል። ከዚህ በታች የሚወርድ ቅርጽ የለም። ለአንዲት ጎረቤት 50 ሜትር ሲባጎ ሰጥተን 200 ካሬ ሜትር ክበቢበት ብንላት፣ የፈለገችውን ዓይነት ቅርጽ ብትሞክር አይበቃትም።

የጣና ዳር ገጠር ጎጆ ሠሪዎች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። መሃል ላይ ችካል ይተከላል፤ ገመድ ይታሰርበታል፤ የገመዱን ጫፍ ይዞ መሬቱን እየጫረ የሚዞር ሰው የቤቱን መሠረት ያሰምራል። ገመዱ 3 ሜትር ከሆነ ወለሉ 28.3 ካሬ ሜትር ያህል፣ ዙሪያው 18.85 ሜትር ይሆናል። ያንኑ ወለል በካሬ ቤት ለማግኘት 21.3 ሜትር ያህል ግድግዳ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል፤ ይህም ማለት በዚያው መጠን የሚበልጥ ቋሚ እንጨትና ማገር፣ በጭድ የሚቦካና የሚመረግ ጭቃም በዚያው መጠን የሚበልጥ ማለት ነው። በተቃራኒው ያንኑ 18.85 ሜትር ግድግዳ ለካሬ ቤት ብናውለው ወለሉ 22.2 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሁለቱን ቅርጾች በአንድ ሕንፃ ታሳየናለች፤ የውጭ ግድግዳዋ ክብ ሲሆን በመሃል ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅርጽ የራሱ ሥርዓትና ትርጉም ያለው ነውና የግድግዳ ቁጠባ ነው ምክንያቱ አልልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ለሚሻ ተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ክብ አሸናፊ መሆኑን ከጥንት ጀምሮ ያልጠረጠረ የለም፤ ማረጋገጡ ግን ቀላል አልነበረም። የስዊዘርላንዱ ያኮብ ሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1838 ያቀረበው ሐሳብ ያለ ቀመር ሊገለጽ ይችላል። ጫፍና ጫፉ የታሰረ ሲባጎ መሬት ላይ አስቀምጠን፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ስፋት የሚከብብበትን ቅርጽ እንፈልግ። ሲባጎው የሆነ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ጉድጓዱን ወደ ውጭ ገልብጠን ማውጣት እንችላለን፤ ሲባጎው አይረዝምም፣ ስፋቱ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ምርጡ ቅርጽ ወደ ውስጥ የገባ ክፍል የለውም። ቀጥሎ ሲባጎውን ለሁለት እኩል በሚከፍሉ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር እናስምር። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ስፋቶች ካልተስተካከሉ፣ ትልቁን ግማሽ በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠን በትንሹ ቦታ ብንተካው ስፋቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ በምርጡ ቅርጽ ሁለቱ ግማሾች እኩል ናቸው። አሁን አንዱን ግማሽ ብቻ ወስደን በቅስቱ ላይ የትኛውንም ነጥብ ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ጋር እናገናኝ። በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ካልሆነ፣ ነጥቡን እንደ በር ማጠፊያ ቆጥረን 90 ዲግሪ እስኪሆን ብንከፍተው ወይም ብንዘጋው የጎነ ሦስቱ ስፋት ያድጋል፤ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ የተለጠፉት የቅስት ቁራጮች ግን እንዳሉ ይቀራሉ። እንግዲህ በምርጡ ቅርጽ ላይ የትኛውም የቅስቱ ነጥብ ቀጤ ማዕዘን መሥራት አለበት፤ ይህን የሚያሟላው ግማሽ ክብ ብቻ ነው። ሁለት ግማሽ ክቦች ደግሞ አንድ ክብ ናቸው።

በዚህ ማስረጃ ውስጥ አንድ ክፍተት ነበረ። ሽታይነር ያሳየው ከክብ በቀር ሌላው ቅርጽ ሁሉ ሊሻሻል እንደሚችል ነው፤ ምርጥ የሚባል ቅርጽ በእርግጥ መኖሩን ግን እንደ ተረጋገጠ ነገር ወስዶት ነበር። ክፍተቱን ኋላ ላይ ጀርመናዊው ካርል ቫየርሽትራስ ሞላው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ጥቃቅን ነገር ላይ መጨቃጨቅ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ትልቁ ዙሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ሁልጊዜ ይበልጥ ትልቅ ይገኛልና። ስለዚህ «ትንሹስ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ክብ እንዲህ ቆጣቢ ከሆነ ቦታችን ሁሉ ለምን ክብ አልሆነም? ክቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመካከላቸው የማንም ያልሆነ ቦታ ስለሚተርፍ ነው። በካሬ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚነካ ክብ ቢሠራ፣ ከካሬው 21.5 በመቶ የሚሆነው በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ባክኖ ይቀራል። ክፍተት ሳይተው የሚገጥም፣ ድንበሩም የሚያንስ አከፋፈል የፈለገ ወደ ጎጃም ንብ ቀፎ ይመልከት፤ ሰፈፉ በጎነ ስድስት የተሞላ ነው። ቦታን እኩል ስፋት ባላቸው ክፍሎች ለመከፋፈል ከሁሉ ያነሰ ድንበር የሚፈልገው ጎነ ስድስት መሆኑን አሜሪካዊው ቶማስ ሄልስ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የሐይቅ ዳር ቦታ ሒሳቡን ይለውጠዋል፤ አንደኛው ጎን ውሃ ስለሆነ አይታጠርም። ያን ጊዜ ካሬ አሸናፊነቱን ያጣል፤ ሦስት ጎኖቹን ለማጠር 42.4 ሜትር ያስፈልጋል፤ 10 በ20 የሆነው ቦታ ረጅም ጎኑን ወደ ውሃው ቢያዞር ግን 40 ሜትር ይበቃዋል። ያው ቦታ አጭር ጎኑን ወደ ውሃው ቢያዞር 50 ሜትር ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያንሰው ደግሞ ግማሽ ክብ ሲሆን 35.4 ሜትር ያህል ነው።

መንገድ ሲሰፋ ከቦታቸው ጥግ የተቆረሰባቸው ሰዎችም አንድ ነገር ያስተውላሉ። ከ10 በ20 ቦታ ጥግ ላይ 3 በ4 የሆነ ቁራጭ ቢወሰድ ስፋቱ ወደ 188 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ አጥሩ ግን አሁንም 60 ሜትር ነው፤ የጠፉትን ሁለት ጎኖች የሚተኩ ሁለት አዳዲስ ጎኖች ወደ ውስጥ ተፈጥረዋልና። ቁራጩ ከጥግ ሳይሆን ከአንድ ጎን መሃል 3 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቢወሰድ ኖሮ፣ ቦታው እያነሰ አጥሩ 66 ሜትር ይሆን ነበር።

አንድን ስፋት መበታተንም ዳርን ያበዛል። 10 በ10 ሆኖ የተንሳፈፈ የእምቦጭ ምንጣፍ 40 ሜትር ዳር አለው። ሞገድ ወይም ጥንቃቄ የጎደለው ነቀላ አንድ አንድ ካሬ ሜትር በሆኑ 100 ቁርጥራጮች ቢበታትነው፣ አረሙ በስፋት ያው 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ዳሩ ግን 400 ሜትር ሆኗል። አዲሱ ተክል ወደ ክፍት ውሃ የሚዘረጋው ከዳር ነውና፣ የተሸፈነው ስፋት ብቻ ተጠቅሶ የዳሩ ርዝመት ሲዘነጋ የጉዳዩ ግማሽ ይቀራል።

ጣና ራሱ እንደየወቅቱ ከፍና ዝቅ ቢልም ስፋቱ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሐይቁ ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ ዳርቻው 194 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆን ነበር። የዘጌና የጎርጎራ ልሳነ ምድሮች፣ የወንዞቹ መግቢያዎች፣ ወደ ውስጥ የገቡት ሰርጦች ሁሉ ከዚያ ያስረዝሙታል። በምን ያህል? መልሱ በመለኪያው ላይ የተመሠረተ ነው። በካርታ ላይ በየኪሎ ሜትሩ እየዘለለ የሚለካ ሰው አንድ ቁጥር ያገኛል፤ በታንኳ ሆኖ እያንዳንዱን የደንገል ጥግ ተከትሎ የሚቀዝፍ ሰው ከዚያ የሚበልጥ ርቀት ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይህንኑ በአገሮች ድንበር ላይ አስተውሎ ነበር፤ ስፔንና ፖርቱጋል የሚጋሩትን አንድ ድንበር አንዱ ምንጭ 987፣ ሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ብሎ መዝግቦት አግኝቷል። ስፋት ግን እንዲህ አይዋልልም፤ መለኪያው በተሻሻለ ቁጥር ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ ይረጋል።

ስዊድናዊው ሄልገ ፎን ኮክ እ.ኤ.አ. በ1904 ያቀረበው ቅርጽ ይህን ልዩነት እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። 125 ካሬ ሜትር በሆነ፣ እኩል ጎኖች ባሉት ጎነ ሦስት እንጀምር፤ ዙሪያው 51 ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱን ጎን ለሦስት እኩል ከፍለን በመሃለኛው ላይ ትንሽ ጎነ ሦስት ወደ ውጭ እንሥራ፤ ዙሪያው 68 ሜትር ይሆናል። በተገኙት ጎኖች ሁሉ ላይ እንደገና ያንኑ እናድርግ፤ ዙሪያው 90.6 ሜትር ደርሶ የእህትየዋን አጥር ያልፋል። በአሥረኛው ዙር 900 ሜትር ያልፋል፤ በየዙሩ በአንድ ሦስተኛ እያደገ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። ስፋቱ ግን ስንት ዙር ቢደጋገም ወደ 200 ካሬ ሜትር ይጠጋል እንጂ አያልፈውም። ሽማግሌዎቹ ለእሷ በሲባጎና በችካል የለኩላት ያው 200 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህኛውን ግን የትኛውም የባሕር ዛፍ ክምር አጥሮ አይጨርሰውም።